በምርኮ የቆሰሉ ወታደሮችና የዘገየው ሜዳይ

ፐርፕል ሃርት በጠላት እጅ ለቆሰለ ወይም ለተገደለ የአሜሪካ ወታደር የሚሰጥ ሜዳይ ነው። ሐምራዊ ልብ የሚመስለው ይህ ሜዳይ የጀግንነት ሽልማት አይደለም። አዛዥ «ይገባዋል» ብሎ አያጭም፤ ኮሚቴም ተሰብስቦ አይመርጥም። ቁስሉ በጠላት እጅ መድረሱ፣ የሐኪም እርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑና ሕክምናው በመዝገብ መስፈሩ ከተረጋገጠ ወታደሩ ሜዳዩን የማግኘት መብት አለው። በጦር ግንባር ላለ ወታደር ይህን ማሟላት አይከብድም። የሕክምና ረዳቱ ቁስሉን ያስርለታል፣ የመስክ ሆስፒታሉ ስሙን ይመዘግባል፣ ሻምበሉም በዕለቱ ሪፖርት ያሰፍረዋል።

ለጦር ምርኮኛ ግን ይህ ሰንሰለት ከመነሻው የተበጠሰ ነው። ምርኮኛን የሚያቆስለው ጠባቂው ነው። ሕክምና የሚፈቅደውና የሚከለክለው፣ የካምፑን መዝገብ የሚይዘው፣ ሽንፈት ሲቃረብም መዝገቡን የሚያቃጥለው ያው ወገን ነው። በዚህ ምክንያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ ጦርነት ተማርከው በሰደፍ የተደበደቡ፣ በሳንጃ የተወጉ፣ አጥንታቸው የተሰበረ ብዙ አሜሪካውያን ቁስላቸው በመንግሥት ሳይታወቅላቸው አረጁ። ሜዳዩን ከ80 ዓመት ዕድሜ በኋላ የተቀበሉ አሉ፤ ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው የተቀበሉላቸውም አሉ። የዚህ መዘግየት ታሪክ ከሁሉ በፊት የማስረጃ ታሪክ ነው፤ መንግሥት ስለ አንድ ቁስል የማንን ቃል እንደሚያምን ቀስ በቀስ የለወጠበት ሂደት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሜዳዩ አመጣጥ

የፐርፕል ሃርት መነሻ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ነው። ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን ኒው ዮርክ ውስጥ በምትገኘው ኒውበርግ ሠፍሮ ሳለ፣ ኦገስት 7 ቀን 1782 ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ለፈጸሙት መልካም ተግባር የሚሰጥ የክብር ምልክት እንዲኖር አዘዘ። ምልክቱ ከሐምራዊ ጨርቅ በልብ ቅርጽ ተቆርጦ ደረት ላይ የሚሰፋ ነበር። መቀበላቸው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ።

ዳግም የተነሣው ዋሽንግተን የተወለደበት 200ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1932 ነው። በጊዜው የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ጉዳዩን የገፋው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሜዳይም የተሰጠው ለእሱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች ማስረጃቸውን እያቀረቡ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ስለዚህ ሜዳዩ እንደገና ሲጀመር ለቆየ ቁስል የዘገየ እውቅና ሆኖ ነው የጀመረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመልካም አገልግሎትም ይሰጥ ነበር። በ1942 ግን ለቁስልና ለሞት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጣው ትእዛዝ ባሕር ኃይሉ፣ የማሪን ጦሩና የባሕር ጠረፍ ጥበቃውም ተካተቱ።

የሜዳዩ ክምችት ብዙ ነበር። በ1945 ጃፓንን ለመውረር በተደረገው ዝግጅት ይቆስላሉ ተብለው ለታሰቡት ወታደሮች ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሜዳይ ተመርቶ ነበር። ወረራው ሳይደረግ ጦርነቱ በማብቃቱ፣ ክምችቱ በኮሪያና በቬትናም ለቆሰሉት ተሰጥቶም ለብዙ ዓመታት አላለቀም። ምርኮኞቹ ያጡት ሜዳይ አልነበረም፤ ቁስላቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ነው።

የምርኮ ቁስል በሦስት ግንባሮች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ወደ 94,000፣ ጃፓን ደግሞ ወደ 27,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወታደሮችን ማርከዋል። በጀርመን እጅ ከነበሩት የሞቱት ከመቶ አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በጃፓን እጅ ከነበሩት ግን ከመቶ አርባ ያህሉ አልተመለሱም። ጀርመን በ1929 የተፈረመውን የጄኔቫ የምርኮኞች ስምምነት አጽድቃ ነበር፤ ጃፓን ፈርማ አላጸደቀችውም። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በፓስፊክ ግንባር ትልቁ ምርኮ የተፈጸመው በፊሊፒንስ ነው። ኤፕሪል 9 ቀን 1942 በባታን ልሳነ ምድር ወደ 75,000 የሚጠጉ የፊሊፒንስና የአሜሪካ ወታደሮች እጅ ሰጡ። ለወራት በግማሽ ቀለብ የቆዩና በወባ የተዳከሙ ነበሩ። ከማሪቬሌስ እስከ ሳን ፈርናንዶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው ተነዱ፤ ከዚያ በተዘጋ የባቡር ፉርጎ ታጭቀው ወደ ኦዶኔል ካምፕ ተወሰዱ። በመንገድ ላይ የወደቀ በሳንጃ ይወጋል፤ ውኃ ሊቀዳ ከሰልፍ የወጣ ይመታል ወይም በጥይት ይገደላል። በሕይወት የተረፉት ብዙዎቹ የሳንጃና የሰደፍ ጠባሳ ነበረባቸው። ጠባሳው ሲደርስባቸው ግን በአጠገባቸው መዝገብ የያዘ ሐኪም አልነበረም።

ኮሬጊዶር ደሴት ሜይ 6 ቀን ስትወድቅ የምርኮኛው ቁጥር ጨመረ። ብዙዎቹ መጀመሪያ በካባናቱዋን ካምፕ ከታጎሩ በኋላ ለጉልበት ሥራ ወደ ጃፓን፣ ወደ ፎርሞዛና ወደ ማንቹሪያ ተጫኑ። የጫኗቸው መርከቦች ምርኮኛ መያዛቸውን የሚያሳይ ምልክት ስላልነበራቸው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦችና አውሮፕላኖች እንደ ማንኛውም የጠላት መርከብ ይመቷቸው ነበር። ኦክቶበር 24 ቀን 1944 የሰመጠችው አሪሳን ማሩ 1,780 ያህል ምርኮኞችን ይዛ ነበር፤ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው። በፓላዋን ደሴት ደግሞ ዲሴምበር 14 ቀን 1944 ጠባቂዎቹ 150 ምርኮኞችን ወደ ምሽግ አስገብተው ቤንዚን አርከፍክፈው አቃጠሏቸው። ከእሳቱና ከጥይቱ ያመለጡት 11 ነበሩ።

በጀርመን የታወቀው ቁስል ከስታላግ ሉፍት 4 ጋር የተያያዘው ነው። ካምፑ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ግሮስ ቲሆቭ አጠገብ የነበረ ሲሆን፣ የታጎሩት የአየር ኃይል የበታች ሹማምንት ነበሩ። በጁላይ 1944 ከሌላ ካምፕ በመርከብ የተጓጓዙ ምርኮኞች ከባቡር ጣቢያው እስከ ካምፑ እርስ በርስ ተጠፍረው እንዲሮጡ ተገደዱ። ግራና ቀኝ የተሰለፉ ወጣት ጠባቂዎች በሳንጃ እየወጉ፣ ውሾችን እየለቀቁባቸው አስኬዷቸው። የካምፑ ምርኮኛ የነበረ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ቁስሎቹ ከጦርነቱ በኋላ ለጦር ወንጀል መርማሪዎች ዘርዝሮ አስረድቷል። ይህ የምስክርነት ቃል ከዓመታት በኋላ ለብዙ አመልካቾች ጠቅሟል። የዚያው ካምፕ ሰዎች ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 የሶቭየት ጦር ሲቃረብ ወደ ምዕራብ ጉዞ ጀመሩ። በበረዶ ውስጥ ከ80 ቀናት በላይ ተጓዙ፤ ማደሪያቸው ጋጣና ሜዳ ነበር።

በ1944 መጨረሻ በአርደን ውጊያ ከተማረኩት መካከል 350ው ከባድ ኦርብ ካምፕ ተለይተው በርጋ ወደተባለ ሥፍራ ተወሰዱ። አይሁዳውያን የሆኑና ጀርመኖች «ይመስላሉ» ያሏቸው ይገኙባቸው ነበር። ከናዚ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጋር በተራራ ውስጥ ዋሻ እንዲቆፍሩ ተደረገ፤ ብዙዎቹም በሥራው፣ በድብደባውና ኋላ በተከተለው ጉዞ አለቁ። የአሜሪካ ምድር ጦር በርጋ ወታደሮቹ በባርነት የሠሩበት ካምፕ መሆኑን በይፋ ያመነው በ2009 ነው።

ሦስተኛው ግንባር ኮሪያ ነው። ከ1950 እስከ 1953 ድረስ 7,140 አሜሪካውያን ተማርከዋል፤ 2,701 በምርኮ ሞተዋል፣ 4,418 ተመልሰዋል፣ 21 ደግሞ አንመለስም ብለው ቀርተዋል። አብዛኛው ሞት የደረሰው በመጀመሪያው ክረምት ነው። በኦክቶበር 1950 መጨረሻ በያሉ ወንዝ አቅጣጫ በእግራቸው የተነዱትን ከ700 በላይ ምርኮኞችና ሲቪሎች የሚመራው ሰሜን ኮሪያዊ ሻለቃ ከጭካኔው የተነሣ «ነብሩ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። ከዚህ ቡድን ውስጥ ጆኒ ጆንሰን የተባለ የ18 ዓመት ተራ ወታደር የሞቱትን ጓዶቹን ስም በድብቅ መዝግቦ 496 ስሞችን በጥርስ ሳሙና ቱቦ ውስጥ ሸሽጎ አወጣ። ይህን በማድረጉ የብር ኮከብ ሜዳይ ያገኘው በ1996 ነው። በዚያው ጦርነት ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፉት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸው፣ ከ500 በላይ ቆስሎባቸው፣ አንድም ምርኮኛ ለጠላት አለመስጠታቸው በጦርነቱ ታሪክ ይነገርላቸዋል።

ወደ አገር መመለስ

በ1945 የፀደይ ወራት ከጀርመን ካምፖች የወጡት አሜሪካውያን በብዛት የተላኩት ፈረንሳይ ውስጥ ከለ አቭር ወደብ አጠገብ ወደሚገኘው ካምፕ ላኪ ስትራይክ ነበር። እዚያ ገላቸውን ታጥበው፣ የቅማል ማጥፊያ ዱቄት ተነፍቶባቸው፣ አዲስ ልብስ ለብሰውና ቀስ በቀስ ምግብ እየለመዱ መርከብ ይጠብቃሉ። የሕክምና ምርመራው ፈጣን ነበር። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ተላላፊ በሽታንና ሕይወትን የሚያሰጋ ሕመምን እንጂ ከስድስት ወር በፊት የተሰበረና ያለ ሐኪም የገጠመ የጎድን አጥንትን አልነበረም።

ወታደሮቹም ቢሆኑ ለመዘግየት ፍላጎት አልነበራቸውም። «ቁስል አለህ?» ለሚል ጥያቄ «አለኝ» ማለት ሆስፒታል መተኛትን፣ ከጓዶች መለየትን፣ ከቤት መዘግየትን ያስከትላል። ብዙዎቹ «ደህና ነኝ» ብለው ፈረሙ። ይህች አንዲት ቃል ከአርባና ከአምሳ ዓመት በኋላ ሲያመለክቱ መልሳ ጠለፈቻቸው፤ ጽሕፈት ቤቶቹ የስንብት ምርመራ ወረቀቱን እያሳዩ «ጉዳት የለበትም» ይሏቸው ነበርና። በተጨማሪም ስለ ካምፕ ሁኔታ፣ ስለ ማምለጫ ስልቶችና ስለ ረዷቸው ሰዎች በይፋ እንዳይናገሩ የሚከለክል ሰነድ የፈረሙ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ እገዳውን ዕድሜ ልክ የሚጸና አድርገው ስለተረዱት ለሐኪማቸውም ለሚስታቸውም ሳይናገሩ ኖረዋል።

ማዕረግም ለውጥ ያመጣ ነበር። ፊሊፒንስን አስረክቦ ከሦስት ዓመት በላይ በምርኮ የቆየው ጄኔራል ጆናታን ዌይንራይት ነጻ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 1945፣ ከፕሬዚዳንት ትሩማን እጅ የአገሪቱን ከፍተኛ የክብር ሜዳይ ተቀብሏል። አብሮት እጅ የሰጠው ተራ ወታደር ግን የስንብት ወረቀቱንና የቆየውን ደመወዙን ይዞ ወደ መንደሩ ገባ።

የኮሪያ ተመላሾች ሁኔታ ደግሞ በሌላ መንገድ ከበደ። በ1953 ሲለቀቁ የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት ነግሦ ስለነበር የምርመራው ትኩረት ቁስላቸው ሳይሆን ታማኝነታቸው ነበር። «ለጠላት ፕሮፓጋንዳ ረድተዋል ወይ? ማን ከማን ጋር ተባበረ?» የሚሉ ጥያቄዎች ገጾችን ሞሉ። በዚህ ድባብ ስለ ራስ ጉዳት መናገር ሰበብ መደርደር ይመስል ነበር።

የሴንት ሉዊሱ ቃጠሎ

ከሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎች የግል ማኅደር የሚቀመጠው በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አካባቢ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ነው። ጁላይ 12 ቀን 1973 በሕንጻው ስድስተኛ ፎቅ እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ ማኅደሮችን አወደመ። ከኖቬምበር 1912 እስከ ጃንዋሪ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ማኅደር 80 በመቶው ጠፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይሉ የምድር ጦሩ አካል ስለነበር የብዙ አብራሪዎችና የበረራ ሠራተኞች ወረቀትም አብሮ ነደደ። ቅጂ አልተቀመጠም፤ በፎቁ ላይ ምን እንደነበረ የሚያሳይ የተሟላ ዝርዝርም አልነበረም።

ከእሳቱ በኋላ ማዕከሉ የተቃጠሉትን ማኅደሮች ከሌሎች ምንጮች መልሶ የመገንባት ሥራ ጀመረ። የደመወዝ ሰነዶች፣ የሻምበሎች የየማለዳ ሪፖርቶችና የጡረታ ፋይሎች ተፈተሹ። በ1988 ደግሞ ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ድረስ በጦር ሆስፒታሎች የተኙ ሰዎች መረጃ የሰፈረባቸው የኮምፒውተር ቴፖች ለማዕከሉ ተላለፉ። ለተራ ቁስለኛ እነዚህ ምንጮች ትልቅ እርዳታ ነበሩ። ለምርኮኛ ግን ጥቅማቸው ውስን ነው፤ ቁስሉ በደረሰበት ቀን በሻምበሉ የማለዳ ሪፖርት ላይ ከስሙ አጠገብ የሚገኘው «የጠፋ» ወይም «የተማረከ» የሚል ቃል ብቻ ነውና።

ሕጉ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው እውቅና የመጣው በገንዘብ መልክ ነው። በ1948 የወጣው የጦርነት ካሣ ሕግ ከጀርመንና ከጃፓን ከተወረሰ ንብረት በተሰበሰበ ገንዘብ፣ በቂ ቀለብ ላልተሰጠው ምርኮኛ በቀን 1 ዶላር እንዲከፈል ደነገገ። ኋላ በተደረገ ማሻሻያ ለግዳጅ ሥራና ለኢሰብዓዊ አያያዝ በቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተጨመረ። ክፍያው በምርኮ ቀናት የሚሰላ በመሆኑ የእያንዳንዱን ሰው ቁስል መመርመር አላስፈለገውም።

ቀጣዩ እርምጃ የጤና ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ አስተዳደር የአካል ጉዳት ጡረታ ሲሰጥ ሕመሙ በአገልግሎት ላይ ለመጀመሩ ማስረጃ ይጠይቅ ነበር። ምርኮኞች ማስረጃ እንደሌላቸው ኮንግረስ በመረዳቱ በ1970 ቤሪቤሪንና ፔላግራን የመሳሰሉ የረሃብ ሕመሞች በምርኮ እንደመጡ አስቀድሞ እንዲገመት ወሰነ። በ1981 የወጣው የቀድሞ የጦር ምርኮኞች ጥቅማ ጥቅም ሕግ ይህን ዝርዝር አሰፋ። በቀጣዮቹ ዓመታት የውርጭ ጉዳት የተወው ሕመም፣ ከድብደባ የመጣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የነርቭ ጉዳት፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ተጨመሩ። ማስረዳት የአመልካቹ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ግምቱ ወደ እሱ ያደላ ጀመር።

የክብር ጉዳይ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በኖቬምበር 1985 ፕሬዚዳንት ሬገን በፈረመው ሕግ የጦር ምርኮኛ ሜዳይ ተቋቋመ፤ ከኤፕሪል 5 ቀን 1917 በኋላ ተማርኮ በክብር ለቆየ ወታደር ሁሉ የሚሰጥ ነው። በፊቱ በእሾህ ሽቦና በሳንጃ ጫፎች የተከበበ ንስር ይታያል። በ1968 በሰሜን ኮሪያ ተይዘው ለ11 ወራት የተሰቃዩት የፑዌብሎ መርከብ ባሕረኞች «ታጋች እንጂ ምርኮኛ አይደላችሁም» ተብለው መጀመሪያ ተከልክለው ነበር፤ ሕጉ በ1989 ተሻሽሎ አገኙ። በስዊዘርላንድ ቫውቪለርሞስ በተባለ የቅጣት ካምፕ የታጎሩ አሜሪካውያን የአየር ኃይል ሰዎችም ገለልተኛ አገር ውስጥ ስለነበሩ ሳይቆጠሩ ቆይተው ሜዳዩን በ2014 ተቀበሉ።

የፐርፕል ሃርት ጥያቄ ግን የራሱን መንገድ ሄደ። ከመማረኩ በፊት ወይም በሚማረክበት ውጊያ የቆሰለ ወታደር በአሮጌው ደንብም ሊያገኝ ይችል ነበር። በካምፕ ውስጥ የደረሰ ድብደባ ግን የውጊያ ቁስል ተደርጎ ሲታይ አልኖረም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኤፕሪል 25 ቀን 1962 ያወጣው ትእዛዝ የሜዳዩን ወሰን አሰፋ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በምርኮ የቆሰለ ሰው ይታሰብ ጀመር። በ1973 ከቬትናም የተመለሱት 591 ምርኮኞች ከዚህ ተጠቅመዋል። እነሱን በፊሊፒንስ ክላርክ የጦር ሠፈር ሐኪሞች ተቀብለው በጥልቀት መርምረዋቸዋል፣ የስቃይ ታሪካቸውም ወዲያው ተመዝግቧል። የባሕር ኃይሉ ማዕከል በፔንሳኮላ ጤናቸውን ለአሥርታት ተከታትሏል። በ1945 የጎደለው ሁሉ በ1973 ተሟልቶ ነበር።

ይህ ንጽጽር ለቀደሙት ጦርነቶች ምርኮኞች ምሬት ሆነ። በሃኖይ እስር ቤት የተደበደበው ሜዳይ ሲያገኝ በካባናቱዋን የተደበደበው አላገኘም፤ የለያቸው ቀኑ ብቻ ነው። የቀድሞ ምርኮኞች ማኅበራት ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረመው የመከላከያ በጀት ሕግ መልስ ሰጠ። ከኤፕሪል 25 ቀን 1962 በፊት ሲማረክ ወይም በምርኮ ሳለ የቆሰለ ወታደር ከዚያ ቀን በኋላ እንደቆሰለ ተቆጥሮ ሜዳዩ እንዲሰጠው ተደነገገ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎ ነበር።

በመጨረሻም በኦክቶበር 2008 መከላከያ ሚኒስቴር በምርኮ የሞቱትን የሚመለከት ውሳኔ አሳወቀ። ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 ወዲህ በምርኮ የሞተ ወታደር፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፣ በጠላት ድርጊት እንደሞተ ይገመታል፤ ቤተሰቡም ሜዳዩን መጠየቅ ይችላል።

ማስረጃው እንዴት ይሰበሰባል

ሕጉ በር ከፈተ እንጂ ማስረጃ አያቀርብም። በሕይወት ያለ ምርኮኛ መማረኩን፣ መቁሰሉንና ቁስሉ በጠላት እጅ መድረሱን ማሳየት አለበት። መማረኩን ማሳየት ብዙ ጊዜ አይከብድም። የቀይ መስቀል ዝርዝር፣ ለቤተሰብ የተላከ ቴሌግራም፣ የካምፕ መታወቂያ ቁጥር ይገኛል። የሚያስቸግረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

የሕክምና መዝገብ ለሌለው ሰው ዋናው ምትክ የዓይን ምስክር ነው። አብሮት የታሰረ ጓድ ድብደባውን ማየቱን በመሐላ የተረጋገጠ ቃል ይጽፍለታል። አንዳንዱ አመልካች ያልተገናኘውን ጓድ ከ50 ዓመት በኋላ በምርኮኞች ማኅበር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ፈልጓል። ሌላው ማስረጃ የሰውነቱ ነው፤ ሐኪም ያየው አሮጌ ጠባሳ፣ በራጅ የሚታይ የገጠመ ስብራት፣ የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር ለዚያ ጉዳት የሰጠው የአካል ጉዳት ውሳኔ። በካምፕ በድብቅ የተጻፉ ማስታወሻዎች፣ ከነጻነት በኋላ ለመርማሪ የተሰጡ ቃሎች፣ የጦር ወንጀል ችሎት መዝገቦችና ጀርመኖች የያዟቸው የሕክምና ካርዶችም ይቀርባሉ።

ማመልከቻው ወደየጦር ክፍሉ የሽልማት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ውድቅ ከሆነ አመልካቹ በሲቪሎች ወደሚመራው የወታደራዊ መዝገብ ማስተካከያ ቦርድ ይግባኝ ይላል። ቦርዱ ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብለት ቢጠይቅም ፍትሕ ግድ ካለ ጊዜውን ያልፈዋል። ብዙ አመልካቾች በመካከል የወረዳቸውን የኮንግረስ አባል ጽሕፈት ቤት ያስገባሉ፤ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው፣ የጠፋውን ወረቀት የሚያስፈልግላቸውና ብዙ ጊዜ ሜዳዩን ደረታቸው ላይ የሚያደርግላቸውም እሱ ነው።

አመልካቾቹ የሚሹት ጥቅም ገንዘብ አይደለም። ፐርፕል ሃርት የተሰጠው ሰው በሕክምና ቅድሚያ የሚሰለፍበት ምድብ የቀድሞ ምርኮኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚገኝበት ያው ምድብ ነው። የአካል ጉዳት ጡረታም በሜዳዩ አይጨምርም። በ85 ዓመቱ ይከራከር የነበረው ሽማግሌ የሚፈልገው መንግሥት ቁስሉን በስሙ ማኅደር ላይ እንዲጽፈው ነበር።

ሕጉ የማይሸፍነው

የ1996ቱ ሕግ መስፈርቱን አልለወጠም። ሜዳዩ የሚሰጠው ከውጭ በመጣ ኃይል ለደረሰ ቁስል ነው። ቤሪቤሪ፣ ወባና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በቁስል አይቆጠሩም፤ የውርጭ ጉዳትም ከ1951 ጀምሮ ከመስፈርቱ ወጥቷል። ስለዚህ በኮሪያ ክረምት ጣቶቹ የተቆረጡበት ምርኮኛ በቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር የአካል ጉዳተኛ ተብሎ ጡረታ እየተቀበለ፣ በመከላከያ ሚኒስቴር ዘንድ ግን ቁስለኛ ላይባል ይችላል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሚመዝነው የጉዳቱን ውጤት፣ ሌላው ምክንያቱን ነው። የአእምሮ ቁስልም እንዲሁ ነው፤ ሚኒስቴሩ በ2009 መጀመሪያ ከጦርነት የሚከተለው የመንፈስ ጭንቀት ለፐርፕል ሃርት እንደማያበቃ ወስኗል።

ለዚህ ጥብቅነት ደጋፊዎች አሉት። ቀደም ብለው ሜዳዩን ያገኙ ቁስለኞች መስፈርቱ ከላላ ክብሩ ይረክሳል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ማስራብና በበረዶ ባዶ እግር ማስኬድ ከሰደፍ ምት እንደማይተናነስ ይከራከራሉ።

በሌሎች አገሮች

ሌሎች የጃፓን ምርኮኛ የነበራቸው አገሮች ጉዳዩን በክፍያ ዘግተዋል። በ1941 ወደ ሆንግ ኮንግ 1,975 ወታደሮች የላከችው ካናዳ በ1998 ከሞት ለተረፉት ወይም ለመበለቶቻቸው ወደ 24,000 የካናዳ ዶላር ከፈለች። ብሪታንያ በኖቬምበር 2000 ለእያንዳንዱ የሩቅ ምሥራቅ ምርኮኛ 10,000 ፓውንድ፣ አውስትራሊያ በ2001 25,000 የአውስትራሊያ ዶላር ሰጡ። ሁሉም ክፍያውን የፈጸሙት ከራሳቸው ግምጃ ቤት ነው። ጃፓንን ለመጠየቅ በ1951 የተፈረመው የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ስምምነት ከልክሏቸዋል፤ የተዋጊ አገሮች ዜጎች በጃፓንና በዜጎቿ ላይ ያላቸውን የካሣ ጥያቄ ትቷልና። በግዳጅ ያሠሯቸውን የጃፓን ኩባንያዎች የከሰሱ አሜሪካውያን ምርኮኞችም በ2000 በፌዴራል ፍርድ ቤት የተሸነፉት በዚሁ ምክንያት ነው። የጃፓን መንግሥት በ2009 በአምባሳደሩ አማካይነት ለባታን ተራፊዎች ይቅርታ ጠይቋል። ሚትሱቢሺ ማቴሪያልስ ደግሞ በማዕድን ማውጫዎቹ ስላሠራቸው አሜሪካውያን በ2015 ይቅርታ ጠይቋል።

በአሜሪካ የሚመጡት ማመልከቻዎች አሁን በብዛት የቤተሰብ ናቸው። የአባቱን ሳጥን ሲከፍት የካምፕ መታወቂያ ያገኘ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ጥያቄውን ያነሣል፤ ደንቡም ለቅርብ ዘመድ ይፈቅዳል። የሚጠየቀው ማስረጃ አልተለወጠም፣ መስካሪዎቹ ግን አልፈዋል። ስለዚህ ውሳኔው የሚመሠረተው ምርኮኞቹ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ በተዉት ጽሑፍ ላይ ነው፤ በካምፕ በተሸሸገ ዝርዝር፣ ለመርማሪ በተሰጠ ቃል፣ ለጓድ በተጻፈ ምስክርነት። በ1945 የስንብት ጽሕፈት ቤቱ ያልጠየቃቸው ቃል ዛሬ ለዚያው መንግሥት ዋናው ማስረጃ ሆኗል።